የመጀመሪያዋ ቤት፦ ከልደታ አራተኛ ፎቅ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 9፣ 2017

ዛሬ ቪትዟን ሸጥናት። ባለቤቴ ቁልፉን ስታስረክብ ፊቷን አዞረች፣ እኔም እንዳላየ ሆንኩ።

ሐሳባችን አንድ ቤት ገዝቶ ማከራየት ነው። የምንኖረው የባለቤቴ ወላጆች ግቢ ውስጥ ስለሆነ መጠለያ አይደለም የምንፈልገው። ከመኪናው 2.1 ሚሊዮን፣ ከዕቁብ 1.5 ሚሊዮን፣ ከቁጠባ 1.8 ሚሊዮን፣ ባጠቃላይ 5.4 ሚሊዮን ብር አለን። ዕቁቡ ቀድሞ ወጣልን እንጂ ገና 14 ወር እንጥላለን። ስለዚህ እሱ ገንዘባችን ሳይሆን ዕዳችን ነው፣ ከወዲሁ ልጻፈው።

ለምን ቤት? ሐምሌ 22፣ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ መቶን አለፈ። የእኛ ቁጠባ ደግሞ በ7 ከመቶ ወለድ ተኝቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ ባለቤቴ እንቅልፍ የላትም፣ እኔም በእሷ ምክንያት የለኝም።

ታላቅ ወንድሜ ደውሎ "ባንክ ጨምሩበትና ባለ ሁለት መኝታ ግዙ" አለን። ባንክ ሄጄ ጠየቅኩ፤ ወለዱ 17 ከመቶ ነው። ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም በምን ተዓምር ነው በዓመት 17 ከመቶ ኪራይ የሚያስገባው? ወንድሜ እስካሁን አልመለሰልኝም። ብድሩን ተውነው።

ጥቅምት 23

ሁለት ሳምንት፣ ሰባት ቤት። ጫማዬ አለቀ።

ካዛንቺስ አንድ ግቢ አየን። ሰፊ ነው፣ የወይራ ዛፍ አለው፣ ዋጋውም ከምንጠብቀው በታች ነው። ደስ ብሎን ስንወጣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ግቢ ፈርሶ ድንጋይ ብቻ ሆኗል። የርካሽነቱ ምክንያት ገባን። ፒያሳ ባለፈው መጋቢት ሲፈርስ ሁላችንም አይተናል። እዚህ አገር መሬት አይሸጥም፣ የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤትና የመጠቀም መብቱ ነው። ለልማት ሲነሳ ካሳ የሚታሰበው ለንብረቱ እንጂ እናንተ ለቦታው ብላችሁ ለከፈላችሁት የገበያ ዋጋ አይደለም። መሀል ከተማ አሮጌ ግቢ ለመግዛት የምታስቡ ሰዎች ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ቦታው በከተማው ፕላን ላይ ምን ተብሎ እንደተያዘ ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ አስነብቡ። መንገድ ወይም አረንጓዴ ቦታ ከሆነ ወይራውን ሰላም ብላችሁ ውጡ።

አራት ኪሎ አካባቢ ደግሞ አንድ ደላላ "የቀበሌ ቤት ቁልፍ አለኝ፣ በ900 ሺህ" አለኝ። ቁልፍ መሆኑ ነው! የቀበሌ ቤት ማለት አብዛኛውን ጊዜ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች አንዱ ነው፣ ባለቤቱ መንግሥት ነው። ተከራዩ ሊሸጠው አይችልም። የሚሸጥላችሁ ሰው የሚሸጠው የራሱን መውጣት ነው፣ እናንተ ደግሞ ምንም አልገዛችሁም። ለደላላው ይኼን ስነግረው "አንተ ሕግ የተማርክ ነህ እንዴ?" ብሎ ሳቀ። አልተማርኩም፣ አክስቴ እንዲህ ተበልታ ነው።

ኅዳር 7

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ። 4.6 ሚሊዮን።

ወደድነው። ባቡሩ ቅርብ ነው፣ ሜክሲኮ በእግር ይደረሳል፣ ባልቻ ሆስፒታልና ፍርድ ቤቱ እዚያው ናቸው። ይኼ ማለት የነርስ፣ የጸሐፊ፣ የጠበቃ ረዳት ተከራይ አይጠፋም። ለእኔ ከኪራዩ መጠን ይልቅ ቤቱ ባዶ የሚቀመጥበት ጊዜ ማነሱ ይበልጣል፤ አንድ ወር ባዶ ማለት የዓመቱን ኪራይ አንድ አሥራ ሁለተኛ መጣል ነው።

ደላላው "ዛሬ ካልያዛችሁት ነገ የለም" አለ። ሰባቱንም ቤት እንዲሁ ብሎናል። አንዱም አልተሸጠም።

ስለዚህ ሦስት ጊዜ ተመላለስን። መጀመሪያ ቀን፣ ከዚያ ማታ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ ውሃ በሚመጣበት ፈረቃ። ማታ የሄድነው የደረጃው መብራት ይበራ እንደሆነ፣ ከታች ያለው ግሮሰሪ ሙዚቃውን እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያስጮህ ለማየት ነው። (መብራቱ አይበራም። ሙዚቃው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቆመ፣ ይቻላል።) በውሃ ፈረቃ የሄድነው አራተኛ ፎቅ ግፊት ይደርስ እንደሆነ ነው። ይደርሳል፣ ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው፣ ያውም በቀጭኑ። ሮቶ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ከደላላ ይልቅ ብዙ የነገረን ሱቅ ያለው ልጅ ነው። ሁለት ለስላሳ ገዝተን ቆመን ጠጣን። ማን መቼ እንደገባ፣ ማን ኪራይ ሳይከፍል በሌሊት እንደጠፋ፣ የትኛው ብሎክ ዘበኛ እንደሌለው ሁሉንም ያውቃል። ሻጩ ለምን እንደሚሸጥም ነገረን፦ ከሚስቱ ጋር ተለያይተዋል። ይኼኛው ወሬ በኋላ አምስት ሳምንት ፈጀብን።

ያልጠየቅነው አንድ ሰው አለ። ከበታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉትን እናት። እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ፣ አሁንም ያናድደኛል።

ኅዳር 14

ቀብድ ከፈልን፣ 100 ሺህ። ሻጩ 500 ሺህ ነበር የጠየቀው።

ቀብድ ቀልድ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ አጠፌታውን ይመልሳል። ግን አጠፌታውን ከማን ላይ ትቀበላላችሁ? ሰውዬው ብሩን ለሌላ ዕዳ ከፍሎት ቢሆንስ? ስለዚህ ትንሽ ሰጠን፣ በጽሑፍ፣ በባንክ፣ በምስክር። ወረቀቱ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ ቤቱ ዕዳ ወይም እገዳ ካለበት ወይም የባለቤትነት ሰነድ ካልተሟላ ቀብዱ ይመለሳል። ሻጩ አጉረመረመ፣ ፈረመ።

ታኅሣሥ 19

ቆመናል።

ካርታው በሻጩ ስም ብቻ ነው። ደላላው "ስሙ የሱ ነው፣ ምን ትፈልጋለህ?" ይለኛል። የምፈልገውማ ይኼን ነው፦ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ የጋራ ቤት ካርታው በአንዱ ስም ቢሆንም ያለ ሌላው ስምምነት አይሸጥም። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 68 ነው። ያልተስማማው ወገን ሽያጩን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር፣ ቢበዛ ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት ሊያስፈርሰው ይችላል። ሁለት ዓመት ሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ሲመታ መኖር አልፈልግም።

ሻጩ "ተፋተናል" ይላል፣ የፍቺ ውሳኔው ግን ቤቱ ለማን እንደደረሰ አይናገርም። ንብረት ገና አልተካፈሉም። ሴትየዋ ራሷ መጥታ መፈረም አለባት። እሷ ደግሞ ሐዋሳ ናት፣ እሱን ማየትም አትፈልግም።

እዚህ ላይ ደላላው መፍትሔ አለኝ አለ፦ ውክልና። ለሻጩ ውክልና ትስጠው፣ ወይም ሻጩ ለእኔ ውክልና ይስጠኝና "ስሙን በኋላ ታዞራለህ"። ለሻጩ የሚሰጠው ውክልና ቤቱን ለመሸጥ ተብሎ በግልጽ የተጻፈ ከሆነ ችግር የለውም። ሁለተኛውን ግን አደራችሁን። ውክልና የሚሠራው ወካዩ በሕይወት እስካለና እስካልሻረው ድረስ ነው። ሰውዬው ቢሞት ውክልናው አብሮት ይሞታል፣ እናንተም ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ትተዋወቃላችሁ። ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች መሸጥ የተከለከለበት አምስት ዓመት ሳይሞላ በውክልናና በብድር ውል የሚሸጡት ኮንዶሚኒየምም ጉዱ ይኸው ነው። ከሥራ ባልደረቦቼ ሁለቱ እንዲህ ገዝተዋል። "እስካሁን ምንም አልሆንንም" ይሉኛል። እስካሁን።

ጥር 15

ተፈረመ!

ሴትየዋ ከሐዋሳ መጣች። ጸጥ ያለች ሰው ናት። ብሩ ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ሲፒኦ (የባንክ ክፍያ ማዘዣ)፣ ግማሹ በስሟ እንዲሆንላት ጠየቀች፣ እኛም እንዲያ አደረግን። ሻጩ ፊቱ ጠቆረ እንጂ ምን ይላል።

ከመፈረማችን በፊት ባለው ሳምንት ያደረግነውን ልጻፍ፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። ቤቱ ከዕዳና እገዳ ነፃ መሆኑን የሚያሳየው ማረጋገጫ አዲስ መሆን አለበት፤ ሻጩ የሰጠን የስድስት ወር ዕድሜ ያለው ነበር፣ በስድስት ወር ውስጥ ደግሞ ባንክም ፍርድ ቤትም ብዙ ነገር ማድረግ ይችላል። የካርታው ቁጥር፣ የብሎኩና የቤቱ ቁጥር በር ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አየን። የኮንዶሚኒየሙ የባንክ ብድር ተከፍሎ ማለቁን የሚገልጽ ደብዳቤ ተቀበልን። የመብራትና የውሃ ውዝፍም አለ፤ መብራቱ ካርድ ቆጣሪ ስለሆነ ችግር አልነበረውም፣ ውሃው ግን 3,200 ብር ውዝፍ ነበረበት፣ ሻጩ ከፈለ።

አሁን ወደ ዋናው ጭቅጭቅ። ሻጩ "ውሉ ላይ 2 ሚሊዮን ብለን እንጻፍ፣ ቀሪውን በእጅ" አለ። ሁሉም የሚያደርገው ነው አለ። እምቢ አልኩ፣ ጻድቅ ስለሆንኩ አይደለም። ውሉ ነገ ቢፈርስ የሚመለስልኝ የተጻፈው ነው፣ 2.6 ሚሊዮኑን ሰጥቻለሁ ብዬ ለማን አቤት እላለሁ? ደግሞ ዝቅ አድርጎ መጻፍ ብዙም አያተርፍም፣ የስም ማዛወሪያው የሚሰላው ከውሉና ከመንግሥት ግምት በሚበልጠው ነው። ከዚህም ሌላ እኔ ቤቱን አንድ ቀን ስሸጠው የገዛሁበት ዋጋ 2 ሚሊዮን ተብሎ ይያዝና ያላገኘሁትን ትርፍ ግብር እጠየቃለሁ።

አሹራ (የስም ማዛወሪያ ክፍያ) 4 ከመቶ፣ ቴምብር 2 ከመቶ፣ በ4.6 ሚሊዮን ላይ 276 ሺህ ብር ከፈልን። ለደላላ 2 ከመቶ፣ 92 ሺህ። የካፒታል ጌይን ግብር (ከሽያጩ ትርፍ ላይ የሚከፈለው) በሕግ የሻጭ ነው፣ ግን "ዋጋው ንጹህ በእጄ ነው" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ግብሩን እናንተ ላይ እየጣለ ነውና ዋጋ ስትነጋገሩ መጀመሪያ ይኼን ጠይቁ። እኛ ቀብድ ወረቀቱ ላይ ጽፈነው ስለነበር ተረፍን።

የካቲት 3

ቁልፉ እጃችን ገባ። ባለቤቴ ፈንዲሻ ይዛ መጣች። ባዶ ክፍል ውስጥ ጄሪካን ላይ ተቀምጠን ቡና ጠጣን፣ ከታች የባቡሩ ድምፅ ይሰማል።

የእድሳት በጀት 120 ሺህ፦ ቀለም፣ የኩሽና ሲንክ፣ ሮቶ ከነፓምፑ፣ የመታጠቢያ ቤት በር። ሦስት ሳምንት።

የካቲት 9

በሩ ተንኳኳ። ከታች ያሉት እናት ናቸው።

"እናንተ ናችሁ አዲሶቹ? እንኳን ደህና መጣችሁ። ኑማ ጣሪያዬን እዩልኝ።"

ወረድን። የመታጠቢያ ቤታቸው ጣሪያ ከዳር እስከ ዳር ሻግቷል፣ አንዱ ጥግ ላይ ልስኑ ወድቋል። ከታች ባልዲ አስቀምጠዋል። "ከክረምት ጀምሮ ነው ልጆቼ፣ ላለፈው ሰውዬ ብነግር ብነግር አልሰማኝም።"

ተመልሰን የእኛን መታጠቢያ ቤት ቁም ሳጥን ከግድግዳው ስናላቅቀው ከኋላው ግድግዳው እንደ ቂጣ ተነፋፍቷል። አዲስ ቀለም የተቀባው ያ ግድግዳ ብቻ እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያስተዋልነው። ሌላው ክፍል ሁሉ አሮጌ ቀለም፣ እሱ ብቻ አዲስ። አይተነው ነበር እኮ! እንዲያውም ባለቤቴ "ይኼኛው ቆንጆ ነው" ብላ ነበር።

ሦስት ጊዜ ተመላልሰን፣ ከዘበኛና ከሱቅ ልጅ ጋር አውርተን፣ አንድ ደረጃ ወርደን አንድ በር አላንኳኳንም። ፎቅ ቤት የምትገዙ ከሆነ ከላያችሁና ከሥራችሁ ያሉትን ሰዎች ሳታናግሩ ቀብድ አትስጡ። ከላይ ያለው ስለ እናንተ ጣሪያ ያውቃል፣ ከታች ያለው ስለ ወለላችሁ።

የካቲት 21

ቧንቧ ሠራተኛው ሴራሚኩን አነሳው። ሁለት ችግር ነው። አንደኛው የሻወሩ ፍሳሽ መጋጠሚያ ተሰንጥቋል፣ እሱ የእኛ ነው። ሁለተኛው ከላይ እስከ ታች የሚወርደው ዋናው የፍሳሽ ቱቦ ያንጠባጥባል፣ እሱ ደግሞ የጋራ ነው። በኮንዶሚኒየም አዋጁ፣ ቁጥር 370/1995፣ ጣሪያ፣ ደረጃ፣ የጋራ መስመር የሁሉም ነዋሪ ነው፣ የሚጠግነውም የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ነው። በወረቀት።

ሊቀ መንበሩን አገኘኋቸው። ጡረተኛ ናቸው፣ ጨዋ ሰው። "ጋሼ፣ ማኅበሩ ስንት ብር አለው?" አልኳቸው። ደብተሩን አወጡ፣ 4,100 ብር። ግማሹ ቤት ተከራይ ነው፣ ተከራዩ "የባለቤቱ ነው" ይላል፣ ባለቤቱ ስልክ አያነሳም። እኔም ከአሁን በኋላ ከእነዚያ ባለቤቶች አንዱ ነኝ፣ ይኼን ስትሰማ ባለቤቴ ሳቀች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቱቦው የሚያልፍባቸውን ቤቶች በር በር እያንኳኳን ብር ሰበሰብን። አምስት ቤት አለ፣ አራቱ ከፈሉ፣ የአንዱን እኛ ሸፈንን። ቀጣይ ቤት ስገዛ የማኅበሩን ደብተር ሳላይ አልፈርምም። ባዶ ካዝና ማለት የተደበቀ ዋጋ ማለት ነው።

መጋቢት 12

አለቀ። 120 ሺህ የተባለው 214 ሺህ ሆነ። ከመርካቶ የገዛሁት የመጀመሪያው መጋጠሚያ ሳይገጠም ተሰነጠቀ፣ ርካሽ ነበር። ውሃ መከላከያው፣ ሴራሚኩ፣ የጎረቤታችን ጣሪያ ልስን (አዎ፣ ጠገንንላቸው)፣ አራት ፎቅ ሲሚንቶ የተሸከሙት ልጆች ጉልበት። በጀት ስትሠሩ የጉልበት ሠራተኛውን በፎቁ ቁጥር አባዙት።

አሁን ሒሳቡ። ቤቱ 4,600,000፣ ስም ማዛወሪያ 276,000፣ ደላላ 92,000፣ እድሳት 214,000። ድምር 5,182,000 ብር። ደላላው ሲነግረን ግን ቤቱ "4.6" ነበር።

መጋቢት 26

ተከራየ፣ በወር 24 ሺህ። ሁለት እህትማማቾች ናቸው፣ አንዷ ነርስ፣ ሌላዋ ባንክ ትሠራለች።

አንድ ደላላ "28 ሺህ የሚከፍል፣ የስድስት ወር ቅድሚያ የሚሰጥ ሰው አለኝ" ብሎ ነበር። በአዲሱ የኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መቀበል አይቻልም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ ነው፣ ጭማሪውም በባለቤቱ ስሜት አይደለም። አንድ ጓደኛዬ "በየስድስት ወሩ ትጨምርባቸዋለህ" ብሎኝ ነበር፤ የእሱ ሒሳብ የ2013 ሒሳብ ነው። ዛሬ ለምታስቡ ሰዎች የመጀመሪያውን ኪራይ በደንብ አስባችሁ ተስማሙ፣ ለረጅም ጊዜ አብሯችሁ ይቆያል።

ማታ ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። በዓመት 288,000 ብር ኪራይ። መዝገብ የማይዝ ሰው ግማሹ ለጥገናና ለእርጅና ተብሎ ይቀነስለታል፣ የቀረው 144,000 በሠንጠረዡ ሲሰላ ግብሩ 32,400 ነው። የማኅበሩ መዋጮ በወር 500፣ 6,000። ለጥገና የምናስቀምጠው 20,000። ይቀራል 229,600። ካወጣነው 5,182,000 አንጻር 4.4 ከመቶ ገደማ።

ባለቤቴ ወረቀቱን አዙራ አየችው። "ባንክ 7 ይከፍል የለ እንዴ?"

ይከፍላል። ከወለዱ 5 ከመቶ ግብር ተቆርጦም ከቤቱ ይበልጣል። ለኪራይ ብላችሁ መሀል ከተማ ኮንዶሚኒየም ከገዛችሁ፣ በብድር ደግሞ ከሆነ፣ ቁጥሩ እምቢ ይላችኋል። እኛ የገዛነው ኪራዩን አይደለም። ብሩ ሲወርድ አብሮ የማይወርድ ነገር ነው የገዛነው፣ ኪራዩ እየጠበቅን የምንቆነጥረው ቆሎ ነው። ይኼን ጥቅምት ላይ ብናውቀው እንገዛ ነበር? እኔ አዎ እላለሁ። እሷ ገና አልመለሰችም። ስለ ቪትዟ ግን ጠየቀችኝ።

ሐምሌ 25

አጭር ናት የዛሬዋ። የገቢ ግብር አዋጁ በዚህ ወር ተሻሽሏል፣ ስለዚህ ከላይ የጻፍኩት የግብር ስሌት የዛን ጊዜው ነው፣ ለራሳችሁ በአዲሱ አስሉ።

ተከራዮቹ እስካሁን ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ይልካሉ። የደረጃውን መብራት ከሊቀ መንበሩ ጋር ሆነን አስቀየርነው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው አምፖል ተሰርቋል። ክረምቱ በርትቷል። ትናንት እኒያ እናት ደወሉ፣ ልቤ ስንጥቅ አለ።

"ጣሪያው ደረቅ ነው ልጄ፣ አትደንግጥ። ቡና አፍልቻለሁ፣ ይዘሃት ና ልልህ ነው።"